የሀድያ ልጅ ንግሥት እሌኒና የእንግሊዝ ሥነ ጽሑፍ

በእንግሊዝ አገር የሥነ ጽሑፍ ሊቃውንት ዘንድ ለረጅም ዘመን ሲመረመር የኖረ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም ኢትዮጵያን በዐይኑ አይቶ የማያውቀው ሳሙኤል ጆንሰን፥ ስለ አንድ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ የሚተርከውን ራስላስ የተባለውን መጽሐፍ ከየት አግኝቶ ጻፈው? የሚለው ነው። ጥያቄውን የሚመረምር ሰው ከለንደን ተነሥቶ ወደ ኋላ ሲጓዝ፥ ከእንግሊዝኛው ወደ ፈረንሳይኛው፥ ከፈረንሳይኛውም ወደ ፖርቱጋልኛው መጽሐፍ ይደርሳል። ከዚያም ፖርቱጋሎችን ወደ ኢትዮጵያ ያመጣውን መንገድ ማን ከፈተው የሚል ሌላ ጥያቄ ይገጥመዋል። በዚያ መንገድ መነሻ ላይ የምትገኘው አንዲት ሴት ናት፤ እርስዋም የሀድያ ገራድ ልጅ፥ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ባለቤት ንግሥት እሌኒ ናት። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመተ ምሕረት ተብሎ ካልተለየ በቀር ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ሀድያ የሚለው ስም በቀድሞው ታሪክ ውስጥ ትንሽ ስም አይደለም። የዐሥራ አራተኛው መቶ ዓመት የዐረብ ጸሐፊ አል ዑመሪ በኢትዮጵያ ምድር ከነበሩት ሰባት የእስላም መንግሥታት አንዱ አድርጎ ይቈጥረዋል። የንጉሡ ፈረሰኛ 40,000 እንደ ነበረ፥ በገበያውም ሐኩና የሚባል የብረት ቍራጭ በገንዘብ ፈንታ ይመነዘር እንደ ነበረ ይናገራል። የዐፄ ዓምደ ጽዮን ዜና መዋዕል ደግሞ አማኖ የተባለው የሀድያ ገዥ ለንጉሡ አልታዘዝም ስላለ በ1332 ገደማ ዘመቻ እንደ ተደረገበትና እንደ ተማረከ ይተርካል። እንግዲህ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፥ ይኸውም ከ1434 እስከ 1468 ባለው ጊዜ፥ ሀድያ ለቤተ መንግሥት የሚገብር፥ ነገር ግን ልቡ ያልተገራ አገር ነበረ።

የገራድ መሐመድ ልጅ እሌኒ ወደ ዘርዐ ያዕቆብ ቤት የገባችው በእንዲህ ያለ ጊዜ ነው። ክርስትናን ተቀብላ ቀኝ በዓልቲሐት የሚለውን ማዕርግ አገኘች። በአባቱ ወንበር የተቀመጠው ወንድምዋ ገራድ ማሂኮ ግን ግብር አልሰጥም ብሎ ዐመፀ። ንጉሡም ማሂኮን ሽሮ አጎቱን ባሞን በእርሱ ፈንታ ሾመ፤ ማሂኮም ሲሸሽ የዳሞት ጭፍሮች ደርሰው ገደሉት። ዜና መዋዕሉ ይህን ሁሉ ሲጽፍ ግብሩንና ሹመቱን፥ ጦሩንና ሽሽቱን ይዘረዝራል፤ ወንድምዋ ሲገደል በቤተ መንግሥት ስለ ነበረችው እኅት ልብ ግን አይናገርም። እንዲህ ያለ ነገር ለታሪክ ጸሐፊዎች ጉዳይ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ እሌኒ ከባልዋ ሞት በኋላ ብዙ ዘመን ኖረች። ዐፄ በእደ ማርያም እንደ እናት አከበራት፤ የእስክንድርንና የናዖድን ዘመን አየች፤ በ1508 ናዖድ ሲሞትና ልብነ ድንግል በዐሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ዕድሜው ሲነግሥ፥ መንግሥቱን በሞግዚትነት ከያዙት ዋነኛዋ እርስዋ ሆነች። በጎጃም የመርጡለ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን ያሠራች እርስዋ ናት። በእስላም ቤት ተወልዳ ያደገች ሴት በክርስትና ትምህርት እስከዚህ መድረስዋ ከጥንት ጀምሮ ሊቃውንትን ሲያስደንቅ ኖሮአል።

በ1509 ንግሥቲቱ ለፖርቱጋል ንጉሥ ለማኑኤል ደብዳቤ ላከች። የላከችበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ፖርቱጋሎች በአፍሪቃ ደቡብ ዞረው ወደ ህንድ ባሕር ገብተዋል፤ በዚያው ዓመትም የግብፅን መርከቦች በዲዩ ፊት ድል አድርገዋል። ቀደም ብሎ ከንጉሣቸው ተልኮ መጥቶ በኢትዮጵያ የቀረው ፔሮ ዳ ኮቪልያ ስለ አገሩ ኃይል ለቤተ መንግሥት ነግሮአል። ንግሥቲቱም የባሕሩን ኃይል ከየብሱ ኃይል ጋር ማገናኘት ፈለገች። በደብዳቤው እናንተ መርከብ አላችሁ፥ እኛ ደግሞ ሰውና ስንቅ አለን፥ በቀይ ባሕር እንገናኝ የሚል ሐሳብ ይገኛል፤ በልጆች ጋብቻም እንዛመድ ይላል። ከደብዳቤው ጋርም ከዕፀ መስቀሉ የተሠራ ትንሽ መስቀል ተልኮ ነበር። የቀኙ ክፋይ መስቀል በባልዋ ዘመን ወደ ግሸን አምባ እንደ ገባ ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ስጦታ ከምን ያህል ክብር ጋር እንደ ተላከ ማስረዳት አያስፈልግም።

መልእክተኛው ማቴዎስ የተባለ ነጋዴ ነበረ። በህንድ በኩል ዞሮ በ1512 ጎዋ ደረሰ፤ አልቡኬርክም መስቀሉን በታላቅ ክብር ተቀበለ። ነገር ግን ይህ ሰው ሰላይ ነው፥ አስመሳይ ነው የሚል ወሬ ተነሥቶ፥ በመርከብ የወሰዱት ሹማምንት በመንገድ አንገላቱት። በ1514 ሊዝቦን ሲደርስ ንጉሡ እርሱን በክብር ተቀብሎ አንገላቾቹን አሰረ። በዚያ ቤተ መንግሥት ያድግ የነበረ ዳምያኖ ዴ ጎይሽ የሚባል ልጅ ይህን ሰው አየ፤ ዕድሜውም ያን ጊዜ 12 ዓመት ነበረ። ልጅ ሳለ ያየውን አልረሳውም። ካደገና በንግድ ሥራ ወደ አንትወርፕ ከተሾመ በኋላ የማቴዎስን መልእክትና ስለ ኢትዮጵያ ሃይማኖት የመለሰውን ቃል በላቲን አዘጋጀው፤ በ1532ም በዚያው ከተማ ታተመ።

በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ይህ ትንሽ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ተተርጕሞ በለንደን ታተመ። ተርጓሚው ጆን ሞር ነው፤ እርሱም የእንግሊዝ መንግሥት ዋና ዳኛ የነበረውና በ1535 ስለ ሃይማኖቱ አንገቱን የተቀላው የታላቁ ሊቅ የቶማስ ሞር ልጅ ነው። እንግሊዝ አገር ማተሚያ ከገባ ገና 57 ዓመቱ ነበረ፤ ሼክስፒርም የተወለደው ከዚህ ሠላሳ አንድ ዓመት በኋላ ነው። እንግዲህ እንግሊዞች በገዛ ቋንቋቸው ስለ ኢትዮጵያ ካነበቡአቸው ከመጀመሪያዎቹ የታተሙ ነገሮች አንዱ የሀድያይቱ ንግሥት መልእክተኛ ነገር ነበረ። በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ተረት የለም ማለት አይደለም፤ ንጉሣችን አሁንም ቄሱ ዮሐንስ ይባላል፥ አገራችንም ከህንድ ጋር ተቀላቅላለች። ነገር ግን ከተረቱ መካከል የአንድ ሕያው መንግሥት ጉዳይ ይሰማል።

እሌኒ የመልእክትዋን ፍሬ በሙሉ አላየችም። ማቴዎስን ይዞ የመጣው የፖርቱጋል መልእክተኛ ጓድ በ1520 ምጽዋ ወረደ፤ ማቴዎስ ግን ወዲያው በደብረ ቢዘን አካባቢ ሞተ። ንጉሡ ልብነ ድንግልም አድጎ ራሱን ችሎ ስለ ነበረ፥ ይህ ሰው የእርስዋ እንጂ የእርሱ መልእክተኛ እንዳልነበረ አስታወቀ። ከጓዱ ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እስከ 1526 በአገራችን ቈየ፤ ንግሥቲቱ እንዳረፈችም የጻፈው እርሱ ነው። መጽሐፉ በ1540 በሊዝቦን ታተመ፥ በ1550 ራሙዚዮ በጣልያንኛ አወጣው፥ በ1625ም ሳሙኤል ፐርቻስ የተባለ እንግሊዛዊ ቄስ ከብዙ የመንገደኞች መጻሕፍት ጋር ሰብስቦ በእንግሊዝኛ አተመው።

አልቫሬዝ ስለ ነገሥታቱ ልጆች ግዞት፥ ስለ ግሸን አምባ የሰማውን በጥንቃቄ ጽፎ ነበር። ብርድ ያለበት፥ ጠባቂ የበዛበት ተራራ ነበር የገለጠው። ከእርሱ በኋላ ግን ኡሬታ የተባለ የእስፓንያ መነኵሴ ኢትዮጵያን ሳያይ በ1610 ባወጣው መጽሐፍ ይህን አምባ በገነት አምሳል ሣለው። ፐርቻስም ከኡሬታ ወስዶ ለእንግሊዞች አቀረበው። በ1667 ጆን ሚልተን ጠፊዋን ገነት ሲደርስ፥ የአማራን ተራራ እውነተኛዋ ገነት ይህች ናት እየተባለ በሐሰት ከተነገረላቸው ስፍራዎች ጋር አነሣው። ሌላው ባለቅኔ ኮልሪጅም በ1816 ባሳተመው ኩብላ ካን በተባለው ግጥሙ ስለ አንዲት የሐበሻ ልጅና ስለ አንድ ተራራ ይናገራል። በታተመው የተራራው ስም አቦራ ነው፤ በእጁ ጽሑፍ ላይ ግን አማራ የሚል ይገኛል። አሜሪካዊው መምህር ጆን ሊቪንግስተን ሎውስ በ1927 ባወጣው ታላቅ መጽሐፍ ኮልሪጅ ያነበባቸውን መጻሕፍት አንድ በአንድ ተከታትሎ፥ ፐርቻስና ጀምስ ብሩስ በግጥሙ ውስጥ ምን ያህል እንደ ገቡ አሳየ። የምርመራው ብልሃት ቀላል፥ ድካሙ ግን ብዙ ነው፤ ባለቅኔው ያነበበውን ሁሉ ማንበብ ነው።

ወደ ጆንሰን እንመለስ። እሌኒ የጠራቻቸው ፖርቱጋሎች በ1541 ከክሪስቶቫው ዳ ጋማ ጋር ለጦር መጡ፤ ከነርሱም በኋላ ኢየሱሳውያን ተከተሉ። ከነዚህ አንዱ ዤሮኒሞ ሎቦ በ1625 ገብቶ፥ ዐፄ ፋሲለደስ እነርሱን እስካስወጡበት እስከ 1634 ድረስ ኖረ። ያየውንና የሰማውን ጻፈ፤ ለ ግራን የተባለ ፈረንሳዊም በ1728 በቋንቋው አሳተመው። ጆንሰን ይህን መጽሐፍ በኦክስፎርድ ተማሪ ሳለ አንብቦት ነበር። ኋላ በበርሚንግሃም ሥራ ፈትቶና ታሞ ሳለ ወዳጁ ሄክተር ገፋፍቶት ሊተረጕመው ጀመረ፤ ነገር ግን ስንፍና ስለ ያዘው፥ እርሱ በአልጋ ተጋድሞ መጽሐፉን እያየ በቃል ይናገራል፥ ሄክተር ይጽፋል። ትርጕሙ በ1735 ታተመ፤ ዋጋውም አምስት ጊኒ ነበረ። ትልቁን የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ኋላ በ1755 ያወጣው ሰው የመጀመሪያ መጽሐፉ የኢትዮጵያ ነገር መሆኑ ደስ ያሰኛል።

በዚያ መጽሐፍ መቅድም ላይ ጆንሰን የጻፈው ሐሳብ ለቤተ ክህነት ሰዎች የሚታወስ ነው። ሎቦን ተአምር ሳይፈጥር ያየውን ስለ ተናገረ ያመሰግነዋል፤ ወንጌልን በሰይፍ ሊያስተምሩ የሚሄዱትን ግን ይነቅፋል። የዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ደምና የ1632ቱ መመለስ በእንግሊዛዊው ወጣት ልብ ውስጥ የቀረ ይመስላል።

ከሃያ አራት ዓመት በኋላ፥ በጥር 1759፥ የጆንሰን እናት ሞተች። ለቀብርዋና ለቀረው ዕዳዋ ገንዘብ ቢያስፈልገው በአንድ ሳምንት ምሽቶች ራስላስን ጻፈ ብሎ የሕይወት ታሪኩ ጸሐፊ ቦዝዌል ይናገራል። 100 ፓውንድ፥ ለሁለተኛውም እትም 25 ፓውንድ ተከፈለው። በታሪኩ የንጉሥ ልጆች በተዋበ ሸለቆ ውስጥ ተዘግተው ይኖራሉ፤ ምንም አይጐድልባቸውም፥ ነገር ግን አንዱ ልዑል ደስታ አጣ። ከእኅቱና ኢምላክ ከተባለው ሊቅ ጋር ሾልኮ ወጥቶ እስከ ካይሮ ይሄዳል፤ ሰው እንዴት ቢኖር ይሻለዋል እያለ ይጠይቃል፤ መልስ ሳያገኝ ወደ ሐበሻ ለመመለስ ያስባል። መጽሐፉ ወደ ብዙ ቋንቋዎች ተተርጕሞአል። ሻርሎት ብሮንቴ በ1847 ባወጣችው ጄን ኤየር በተባለ ልብ ወለድ፥ በድኾች ልጃገረዶች ትምህርት ቤት አንዲት ልጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ራስላስን ስታነብ ትታያለች። የዚያች ልጅ ስም ሄለን ነው፤ በእኛ ቋንቋ እሌኒ ማለት ነው። ብሮንቴ ስሙን ስትመርጥ ስለ ሀድያይቱ ንግሥት እንዳላሰበች የታወቀ ነው፤ ቢሆንም ግጥሙ መልካም ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ደረስን። ብዙ የእንግሊዝ ሥነ ጽሑፍ መምህራን፥ በራስላስ ውስጥ ያለች ሐበሻ መጋረጃ ብቻ ናት፥ ጆንሰን ፋርስን ወይም ቻይናን ቢያደርጋት ነገሩ አይለወጥም ይሉ ነበር። ዶናልድ ሎክሃርት በ1963 ባወጣው ጥናት ይህን አስተያየት አናወጠው። ጆንሰን ሎቦን ብቻ ሳይሆን ሌሎችንም ስለ ኢትዮጵያ የተጻፉ ብዙ መጻሕፍት አገላብጦ እንደ ነበረ በስሞችና በአገላለጦች አስረዳ። ራስላስ የሚለው ስም ከዐፄ ሱስንዮስ ወንድም ከራስ ስዕለ ክርስቶስ ስም የተቈረጠ ነው፤ ኢምላክም ይኵኖ አምላክ ከሚለው የመጣ ነው። ይህን ሁለተኛውን ስም አውሮፓ በደንብ ያወቀው በሉዶልፍ ታሪክ ነው። ሉዶልፍ ደግሞ ስለ አገራችን የተማረው በ1652 ጎታ በተባለች የጀርመን ከተማ ከእርሱ ጋር ከተቀመጡት ከመካነ ሥላሴው ሰው ከአባ ጎርጎርዮስ ነው። ሎክሃርት በዚህ አልቆመም፤ የሎቦ የራሱ የፖርቱጋልኛ ጽሑፍ ተገኝቶ በ1971 ከታተመ በኋላ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ በ1984 አወጣው።

በልጅነትዋ በጎንደር የኖረችው ዌንዲ ሎራ ቤልቸር ደግሞ በ2012 ባወጣችው መጽሐፍ ከዚህ አልፋ ሄደች። እንደ እርስዋ አነጋገር ጆንሰን ኢትዮጵያን መርጦ የተጠቀመባት ሳይሆን፥ የኢትዮጵያ ሐሳብ እርሱን ያዘው፤ ሎቦን ሲተረጕም በሎቦ መጽሐፍ ውስጥ የሚናገሩት የኢትዮጵያውያን ክርክርና እምነት ወደ ልቡ ገባ። መያዝ የሚለውን ቃል ከመንፈስ መያዝ አምጥታዋለች። ቃሉ ጠንካራ ነው፥ ምናልባትም ከሚገባው በላይ ይጠነክራል፤ አንድ ሰው በአልጋ ተጋድሞ ለአምስት ጊኒ የተረጐመው መጽሐፍ ነፍሱን ያዘው ለማለት ማስረጃው መብዛት አለበት። ነገር ግን የጥያቄው መገልበጥ ታላቅ ጥቅም ሰጥቶአል። ቀድሞ አውሮፓውያን ስለ ኢትዮጵያ ምን አሰቡ ሲባል የነበረው፥ ኢትዮጵያውያን በአውሮፓውያን ሐሳብ ላይ ምን አደረጉ ወደሚል ተመለሰ። የእሌኒም ስፍራ የሚታየው በዚህ በሁለተኛው ጥያቄ ነው፤ ደብዳቤውን የጻፈች እርስዋ ናትና።

እርግጥ ሁሉን ነገር ለአንዲት ሴት መስጠት አይገባም። ኮቪልያ ከእርስዋ ደብዳቤ በፊት መጥቶአል፤ የእኛ መነኰሳትም በኢየሩሳሌምና በሮማ ቀድመው ይታወቁ ነበር። ያለ እሌኒም ፖርቱጋሎች ይመጡ ይሆናል። ነገር ግን በሆነው ታሪክ አልቫሬዝን ያመጣው ማቴዎስ ነው፥ ማቴዎስንም የላከችው እርስዋ ናት።

ራስላስ ወደ አገሩ የተመለሰው በእኛ ሰው እጅ ነው። የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ልጅ፥ በኦክስፎርድ የተማረው ሲራክ ኅሩይ፥ መጽሐፉን ወደ አማርኛ መልሶ በ1930ዎቹ ዓመተ ምሕረት መጨረሻ አሳተመው። ከኢትዮጵያ በግዕዝ ስም የወጣው ሰው በሦስት ቋንቋዎች ዞሮ በአማርኛ ሲገባ፥ ስሙ ብቻ ትንሽ ተጣሞ ተገኘ።

ስለ ሀድያም ምርመራው በእንግሊዝኛ ቀጥሎአል። ታደሰ ታምራት በ1972 ባሳተሙት ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት በኢትዮጵያ በተባለው መጽሐፋቸው የእሌኒን ቤትና የገራዶቹን ነገር ከዜና መዋዕሎቹ አውጥተው አስረድተዋል። ጀርመናዊው ኡልሪክ ብራውከምፐር ደግሞ ከሀድያ ሽማግሌዎች የትውልድ ቈጠራና የቃል ታሪክ ሰብስቦ በ1980 በጀርመንኛ ጻፈ፤ ይህም መጽሐፍ በእንግሊዝኛ የወጣው የቤልቸር መጽሐፍ በወጣበት በ2012 ነው። በዚያው ዓመት፥ በእኛ 2004 ዓ.ም.፥ በሆሳዕና ከተማ የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመረ። ዋቸሞ ራስ አባተ ከተማውን ሆሳዕና ሳይሉት በፊት የነበረው የቦታው ስም ነው። በዩኒቨርሲቲውም የእንግሊዝኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ትምህርት ክፍል አለ።

ይሁን እንጂ የብራውከምፐርን መጽሐፍ ያነበበ ሰው እሌኒ በሆሳዕና ወይም በሀቢቾ ተወለደች ብሎ አይናገርም። የቀድሞው ሀድያ ከዛሬው ወደ ምሥራቅ እጅግ ሰፊ ነበረ፤ በዐሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት ከግራኝ ጦርነትና ከኦሮሞ መስፋፋት በኋላ ነገዶቹ ተበትነው፥ ሌሞውና ሶሮው፥ ሻሾጎውና ባደዋቾው በየስፍራቸው የሰፈሩት ኋላ ነው። እሌኒ በአባትዋ ቤት በምን ቋንቋ ትናገር እንደ ነበረም ሊቃውንት ይከራከራሉ፤ አንዳንዶች የዛሬውን ሀድይኛ ይላሉ፥ ሌሎች በዚያን ጊዜ በሀድያ ምድር ከሐረሪና ከስልጢ ቋንቋ ጋር የሚዛመድ ልሳን ይነገር ነበረ ይላሉ። በሌሞ አገር ሽማግሌው ትውልዱን ወደ ላይ እየቈጠረ ከዚያ ከምሥራቅ የመጣበትን መንገድ ይናገራል፤ መንገዱንም ሲናገር ወንዞቹን በስም ይጠራል።